ዘይነባ የሞተች ቀን

ለመሆኑ ጌም ቤት ገብቶ ኳስ የማይጫወት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ጎንደር አንድ አውቃለሁ፤ ጨርቅ ነጋዴው ሰይድ ነው። ድሮ ሁላችንም እንደ እሱ የጃፓኖቹን ባለታሪክ ጌም እንጫወት ነበር። ጀግናው አገር ላገር ይዞራል፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያነጋግራል፣ አውሬ ይገጥማል። ኋላ የኳሱ ጌም መጣና ሁላችንም ወደዚያ ሄድን። ማን ቁጭ ብሎ ያን ሁሉ ወሬ ያነባል? ሰይድ ግን እዚያው ቀረ።

በዚህ ጌም ለጀግናውና ለጓደኞቹ ስም የሚያወጣው ተጫዋቹ ነው። ሰይድ ጀግናውን በራሱ ስም፣ ቁስለኛ የምታክመውን ሴት ደግሞ በሚስቱ በዘይነባ ስም ጠራ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዘንዶ በእሳት ፈጃት።

"ዘይነባ ሞተች" አለ ሰይድ።

እኛም ኳሳችንን አቆምን። ምን እንበለው? አንዱማ "አላህ ያጽናህ" አለው።

ሰይድ ቤቱ ገብቶ ምሳ አልበላም አለ።

"ምነው?" አለችው ዘይነባ።

"ሞትሽብኝ" አለና ነገሩን አጫወታት።

ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ጌም ቤት ድረስ ተከትላው መጣች። ሰይድ ውጊያውን ከመጀመሪያው ጀመረው።

"ቆይ እስቲ፣ አካሚዋን ምነው ከፊት አሰለፍካት?" አለችው።

ሰይድ ሳይከራከር ከኋላ አሰለፋት። ዘንዶው ወደቀ፣ ዘይነባም ተረፈች።

አሁን ማታ ከጌም ቤት ሲመለስ በሩን ትከፍትለትና "ዛሬስ እንዴት ዋልሁ?" ትለዋለች።