ኖር፣ ከነብረቱ

እናንተዬ፣ ሽማግሌ ሲገባ ቂጡን ከመቀመጫው ጣት ታህል ብቻ ከፍ አድርጎ «ኖር!» የሚል ሰው አልገጠማችሁም? አሁን ያ መነሣት ነው ወይስ መቀመጫውን ማናፈስ?

የሰቆጣው ጓደኛዬ ሙላው ይህን አይወድም። ከገደል ወድቆ ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ካለ ወዲህ፣ ለታላቅ ሳልነሣ ምን ፊት አለኝ ብሎ ሰርግም ለቅሶም መሄድ ትቶ ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሲሚንቶ የሞላንባቸውን ቆርቆሮዎች በቧንቧ አያይዘን ብረት ማንሣት ስንጀምር ግን እሱም መጣ። አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ የታመመ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ያነሣል። ሲያርፍ ደግሞ ምሰሶ ተደግፎ በደኅናው እግሩ ብቻ መነሣት ይለማመዳል።

አንድ ቀን ብረቱን ከራሱ በላይ እንደያዘ ጎረቤታችን አባ ገብሩ ከች አሉ። ተራ የምንጠብቀው ጤነኞች እንደ ልማዳችን መቀመጫችንን አናፈስን። ሙላውስ? ያቺ ደኅና እግሩ ተንቀጠቀጠች፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ከዚያ ያለ ምሰሶ፣ ከነብረቱ ብድግ!

«ኖር፣ አባ!»

አቤት ጩኸታችን! የሰቆጣ ተራሮች አብረውን የጮኹ መሰለኝ። ሽማግሌው ግን ከመገረማቸው ብዛት «በእግዜር» ማለቱን ረሱት። እሳቸው ሳይሉ እንዴት ይቀመጥ? ብረቱ ይወዛወዛል።

«አባ፣ ይበሉት እንጂ!» አልን ከተቀመጥንበት።

«በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉት። ከዚያ ወደኛ ዞሩ።

«እናንተንማ ተቀመጡ እንዳልል፣ መች ተነሣችሁ!»