የመስታወት ቆዳ በሐምሌ

ስርጉት ቆንጆ ናት ወይ?

ጥያቄውን ያነሱት ወይዘሮ ወርቅነሽ ናቸው፤ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ምስር እየለቀሙ። የተጠየቀው ልጃቸው በእምነት ነው። በእምነት መጽሐፉን ጭኑ ላይ ደፍቶ አሰበ። ስርጉትን በየሳምንቱ ያያታል። ድምፅዋን ከመንገድ ጀምሮ ይለየዋል፤ የግቢውን በር እንዴት እንደምትገፋው እንኳ ያውቃል። መልሱን ግን አጣው።

«እኔ እንጃ» አለ።

«ታዲያ ዓርብ ዓርብ በረንዳው ላይ ተጎልተህ የምታየው ምንድን ነው?»

በእምነት መጽሐፉን መልሶ አነሳ።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ አንድ አንድ የማይጠፉ፣ ፊታቸውን ማንም በደንብ አይቶት የማያውቅ ሰዎች አሉ። ተሸፋፍነው አይደለም። እነሱ ፊት የቆመ ሰው ወዲያውኑ ስለ ራሱ ፊት ማሰብ ይጀምራል። እንዲህ ያለች ሴት ስታገኛችሁ ጉንጫችሁን ከመሳሟ በፊት ትመረምረዋለች። «እንደምን ሰነበትሽ» ማለት ሲገባት «እንቅልፍሽን በግንባርሽ ነው እንዴ የምትተኚው?» ትላለች። እናንተም ቤታችሁ ገብታችሁ፣ መብራት አብርታችሁ፣ እስከዚያች ቀን ሰላማዊ የነበረውን ግንባራችሁን ስትመረምሩ ታመሻላችሁ።

ስርጉት የእነዚህ ሰዎች አለቃ ናት። በጅቡቲ ከተማ የኮሪያ፣ የጃፓንና የአካባቢው አገሮች የውበት ጉዳይ ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ብትባል የሚቃወም አይገኝም። ሴኡልን አይታ አታውቅም። ከሳምንቱ ስድስቱን ቀን ጋቦዴ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ታድራለች፤ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ዓርብ እረፍቷ ነው። እንደ እሷ ተቀጥረው የሚያድሩ ሴቶች ተሰባስበው ለእረፍት ቀናቸው ብቻ አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ የእነ ስርጉት ክፍል ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ በወይዘሮ ወርቅነሽ ግቢ ውስጥ ናት። ሌሎቹ መጥተው እግራቸውን ዘርግተው ይተኛሉ። ስርጉት የኮሪያ የውበት ቪዲዮ የሞላበትን ስልኳን ዘይት ጣሳ ላይ አስደግፋ ኤምባሲዋን ትከፍታለች።

የኤምባሲው ሕግ አንድ ነው፤ «በኮሪያ ይሄ ነውር ነው።» ፊትን በልብስ ሳሙና መታጠብ ነውር ነው። ሰንስክሪን ሳይቀቡ ልብስ ለማስጣት ሰገነት መውጣት ነውር ነው። ቅንድብን አጉብጦ መቀንደብማ ወንጀል ነው። «ቀጥ! ቀጥ ያለ ቅንድብ ልጅ ያስመስላል። አንቺ እኮ ዘላለምሽን አንድ ነገር ተነግሮሽ የደነገጥሽ ነው የምትመስይው።» ከንፈር ሙሉውን አይቀባም፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀይ ጠብ ይደረግና ወደ ዳር በጣት እየጠፋ ይሄዳል፣ ልክ አሁን እንጆሪ በልቶ እንደ ጨረሰ ሰው። «እንጆሪ በልቼ አላውቅም» ያለቻት ልጅ ነበረች። «ታዲያ ለዚህ አይደል የምትቀቢው!» ተባለች።

ሩዝ የታጠበበትን ውሃ መድፋትም ነውር ነው። የአሠሪዎቿ ምሳ ዘወትር ሩዝ ስለሆነ ስርጉት በየዓርቡ በፕላስቲክ ጠርሙስ ነጭ ውሃ ይዛ ትመጣለች። ፊት ይታጠቡበታል፣ ፀጉር ይለቀለቁበታል። አንድ ቀን ወይዘሮ ወርቅነሽ አጥሚት መስሏቸው ግማሹን ጠጡት። ነገሩ ሲነገራቸው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ «እንግዲህ ውስጤም ይመር» ብለው ገቡ።

ወይዘሮ ወርቅነሽ በመርህ ደረጃ ተቃዋሚ ናቸው። ለእሳቸው ውበት ማለት ቫዝሊንና ኩል ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ ሥራ መፍታት ነው።

«ደግሞ ኮሪያ!» ይላሉ። «ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት ባቡሩን እስከዚህ ወደብ ካመጡት ሰዎች አንዱ አባቴ ነው። ኮሪያን ደርሰን ያዳንናት እኛ! ዛሬ ፊታችሁን እንዲህ ታጠቡ ልትለን?»

«ይኸው ውለታ እየመለሱ ነው፣ እትዬ ወርቅነሽ። ይልቅ ይቺን አንገትዎ ላይ ልቀባዎት፤ አንገት ነው ዕድሜን የሚያሳብቀው።»

«የእኔን ዕድሜ የሚያሳብቅ አንገት አልፈጠረብኝም!» ይላሉ፤ ይህን እያሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሰጧታል።

አንድ ጊዜ ከባልባላ ሰፈር በሚኒባስ የመጣች ልጅ ላቧ እየተንጠባጠበ ገብታ በመሐረብ ፊቷን ልትጠርግ ስትል ስርጉት እጇን ቀብ አደረገቻት። «እንዳትነኪው! የመስታወት ቆዳ ይሉታል ይሄን። እዚያ ሴቶቹ ይሄን ወዝ ለማግኘት ቅባት በቅባት ላይ ሲደራርቡ ይውላሉ፤ አንቺ በታክሲ ያገኘሽውን ትጠርጊያለሽ?» በእምነትም አላመለጠም። ሌሊቱን ሲያነብ ያነጋና ዓይኑ ሥር አብጦ ይወጣል። ስርጉት አገጩን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። «እዩት! ኮሪያዎቹ ይቺን እብጠት በእርሳስ ነው የሚስሏት፤ የሚስቅ ሰው ዓይን ታስመስላለች። ይሄ በነፃ ተሰጥቶት አልቅሶ ያደረ ይመስላል። እስቲ ሳቅ!» በእምነት ሳቀ። እጇ ከአገጩ ከተነሳ በኋላም ለብዙ ጊዜ ሳቁን መሰብሰብ አቃተው።

የጥፍር ጉዳይ ላይ ግን ሊቅነቷን ወይዘሮ ወርቅነሽም አይክዱም። ምስክሯ ፋኢዛ ናት። ፋኢዛ የጅቡቲ ልጅ ናት፤ አማርኛዋን ያሳደጓት ሠራተኞች አውርሰዋታል። አጎቷ ልጁን ሊድር ሲል ተጨንቃ መጣች።

«አባዮ፣ እህቴ ስርጉት፣ ይሄን ወተት መሳዩን፣ መሐሉ ሮዝ ያለውን ኩቴክስ ወድጄዋለሁ። ግን ለሶላት ውዱእ ሳደርግ ውሃው ጥፍሬን መንካት አለበት።»

«ለአንቺ የሚሆነው ተለጣፊው ጥፍር ነው። በሙጫ አይደለም፤ በዚች በስሷ ማጣበቂያ። ለሶላት ታወልቂያለሽ፣ በትንሽ ቆርቆሮ ታስቀምጫለሽ፣ ስትጨርሺ ትመልሺዋለሽ።»

«ቢጠፋብኝስ?»

«ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው አያት የሉሽም? እሳቸው እንዴት ነው የሚኖሩት?»

ፋኢዛ በደስታ ሄደች። በሰርጉ ማግስት ስትመለስ ሁለት ጥፍሮች ጎድለዋል፤ አንደኛው የተገኘው ከሰርጉ ሩዝ፣ በሙሽራው አክስት ጉርሻ ውስጥ ነው። ስርጉት አልተረበሸችም። «በአልኮል ሳትጠርጊ ለጥፈሽዋል። ወዝ ያለው ጥፍር ላይ ምን ሊይዝ? መጀመሪያ ሞርጂው፣ ቆዳውን ወደ ሥሩ ገፋ አድርጊ፣ አጽጂ፣ ከትንሿ ጣት ጀምረሽ እየተጫንሽ ለጥፊ። በኮሪያ ሰርግ ቢሆን ይሄ ነውር ነው።»

«በእኛም ሰርግ ነውር ነው» አለች ፋኢዛ።

ሁሉም ተሸኝቶ ግቢው ሲቀዘቅዝ ስርጉት ድሬዳዋ ትደውላለች። እዚያ እህቷ ዘንድ የምታድግ ሀዊ የምትባል ልጅ አለቻት። ስትለያት ሀዊ ገና አፏን እየፈታች ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ሲያወሩ በስልኩ ይተያያሉ፤ ከመደወሏ በፊት ስርጉት ወደ መስኮቱ ዞራ ትቀመጣለች፣ ፀጉሯን በጆሮዋ ታሻግራለች፣ ትተነፍሳለች።

ሐምሌ ሊገባ ሲል፣ የጋቦዴዎቹ አሠሪዎች ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ውጭ ሊሄዱ ተነሱ። ጅቡቲ ያለ ሰው ሁሉ፣ አቅም ያለው፣ ወደ ቀዝቃዛ አገር በሚሸሽበት ወር ስርጉት ልጇን ወደ እሳቱ ልታስመጣ ወሰነች። ሀዊ ከትምህርት የምታርፈው ያኔ ነው፤ ስርጉትም ነፃ የምትሆነው ያኔ ብቻ ነው። ግቢው እልል አለ። ስርጉት ግን በረንዳው ላይ መጥታ በእምነት አጠገብ ተቀመጠችና የማንንም ፊት ሳትመረምር ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋችው።

«ምነው?» አላት።

«ይሄ ስልክ» አለች፣ «ከገዛሁት ጀምሮ ፊት ያስተካክላል። ያቀላል፣ ጠባሳ ያጠፋል፣ ዓይን ያሰፋል፣ አገጭ ያሾላል። እኔ ካሜራው ጥሩ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ፋኢዛ ናት የሚጠፋበትን ያሳየችኝ። አንድ ዓርብ አጥፍቼው ደወልኩ። ሀዊ አየችኝና፣ ‹ይቺ ማናት? እማዬን ስጡኝ› ብላ አለቀሰች።»

«እና?»

«እና መለስኩታ። ከዚያ ወዲህ አጥፍቼው አላውቅም። ለካ ልጄን ያሳደገቻት ስልኩ ውስጥ ያለችው ሌላ ሴትዮ ናት። አሁን እሷን ልታይ ነው የምትመጣው።»

በእምነት ያኔ ነው የገባው። በየዓርቡ የሚያየው የቅንድብ፣ የወዝ፣ የከንፈር ትምህርት ሁሉ ስርጉት ስልኩ ውስጥ ያለችውን ሴት ለመድረስ የምትሮጠው ሩጫ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ፊት መለማመጃ ነው።

«ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ አብሬሽ ልሂድ?» አለ።

«ትሄዳለህ እንጂ! ፊቴ እንዳይቀልጥ ማራገቢያውን ማን ሊይዝልኝ ነው?»

ባቡሩ የሚመጣ ቀን ፊቷን ስትሠራ አረፈደች። መሠረት የሚሆነው ቅባት፣ ማቅሊያው፣ ቀጥ ያለው ቅንድብ፣ የዓይን ማስፊያው መስመር፣ አገጭ የሚያሾለው ጥላ፣ የእንጆሪው ከንፈር። ስትጨርስ በእውነት የስልኳን ሴት መሰለች። በእምነት በታክሲው ውስጥ በባትሪ የምትሠራዋን ትንሽ ማራገቢያ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ይዞ ሄደ፤ ናጋድ ሲደርሱ በሌላኛው እጁ ጃንጥላ ዘረጋ። «አንገቴን! ወደ አንገቴ!» ትለዋለች። ሹፌሩ የታመመች መስሎት ምሕረት ለመነላት።

ባቡሩ ዘገየ። ከምድረ በዳው የሚነሳው ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ይዞ መጣ። ማራገቢያው ያንኑ እሳት እየሰበሰበ ፊቷ ላይ ይረጫል። መጀመሪያ አገጩ ሄደ። ቀጥሎ ቅንድቡ መውረድ ጀመረ። ስርጉት መስታወት አወጣች፣ አየች፣ መለሰች። «ብዙ ነው?» አለችው። በእምነት ውሸት አይሆንለትም፤ ጃንጥላውን ወደ እሷ አስጠጋ።

ተሳፋሪው ወጣ። ሀዊ ድሬዳዋና ጅቡቲ ከምትመላለስ አንዲት ነጋዴ ጋር ነበረች፤ ሁለት ጉንጉን፣ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ። ነጋዴዋ «ይቻትና እናትሽ!» ብላ ወደፊት ገፋ አደረገቻት። ልጅቷ ነጭና ጥቁር እየፈሰሰበት ያለውን ፊት አይታ ወደ ነጋዴዋ ቀሚስ ተመለሰች።

«እማዬ አይደለችም።»

«ሀዊዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አይደለሽም። እማዬ ቀይ ናት። ዓይኗም ትልቅ ነው።»

ስርጉት ስልኳን አወጣች። ካሜራውን ከፍታ፣ አጠገቧ ተንበርክካ፣ የስልኩን ፊት ለልጇ አሳየች። «እያት። ይቺ አይደለችም? ይኸው፣ እኔ ነኝ።» ልጅቷ ወደ ስልኩ አየች፣ ወደ ሴትዮዋ አየች፣ ወደ ስልኩ መለሰች። ፊቷ ሊፈታ ሲል ስልኩ በሙቀቱ ጨሰ ሊባል ምንም አልቀረውም፤ እስኪበርድ አልሠራም የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ጠፋ።

ስርጉት ጥቁሩን መስታወት ትንሽ አየችው። ከዚያ ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙስ አወጣችና፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ ተሳፋሪ ሁሉ እያያት፣ ፊቷን ታጠበች። ሁሉንም። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

በእምነት አሁን ሊያያት ይችል ነበር። ለስንት ዓርብ የተመኘው ፊት፣ ምንም ያልተቀባ፣ ክንዱ ርቀት ላይ ነበር። ዞር ብሎ ሐዲዱን አየ። ያ ፊት ለእሱ አልነበረም የታጠበው።

ከጀርባው የትንንሽ ጫማ ኮቴ ሰማ። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ እየመረመረ፤

«ደክሞሻል?»

ስርጉትን ይህን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ትንሽ» አለች።

«እኔም ትንሽ» አለች ሀዊ፤ መጥታም ቦርሳዋን አውልቃ እናቷን አሸከመቻት።

ካርቲዬ ሁለት ሲደርሱ ሴቶቹ የክፍሏን ጥግ ለቀውላቸው ነበር። ሀዊ ፍራሹ ላይ ወጥታ የእናቷን እጅ በደረቷ ላይ አድርጋ ያዘች። ስርጉት «እስክትተኛ ብቻ» ብላ አጠገቧ ጋደም አለች። ወይዘሮ ወርቅነሽ ማንንም ሳያናግሩ ከራሳቸው መኝታ ቤት ትልቁን ቬንቲሌተር ነቅለው፣ ገመዱን እየጎተቱ አምጥተው፣ ወደ ሁለቱ አዙረው ሰኩት።

ፋኢዛ የጥፍር ቆርቆሮዋን ይዛ መጣች። በእምነት በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ዛሬ አትሠራም» አላት በሹክሹክታ።

«ምነው፣ አሟት ነው?»

«ዝም በይ፣ እንቅልፍ ሊይዛት ነው።»

ፋኢዛ በመጋረጃው ስንጥቅ አየች፤ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ እየተራመደች ወጣች። ልጅቷ ከተኛች ቆይታለች። እናትየው ግን ዓይኗን ከልጅቷ ፊት ላይ መንቀል አቅቷት፣ እየከደነች እየገለጠች፣ ስንት ጊዜ ታግላ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ተኛች።