የእናንተም ጠፍቷል?

መብራት ሳይጠፋብን አምስት ወር አልፎ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ጭንቅ ላይ ነበርኩ።

"ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶታል?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ሰው መብራት ጠፋ ብሎ ያማርራል እንጂ አልጠፋ ብሎ ያማርራል? እኔም ድሮ እንደ እናንተ ነበርኩ። በጠፋ ቁጥር የመብራት ሰዎችን ከነዘር ማንዘራቸው ስራገም የምውል ሰው ነበርኩ። ባለፈው ክረምት ግን ማታ ማታ አምፖሉ ላይ አፍጥጬ "እስቲ ለአመል እንኳ ብልጭ በል" እለው ነበር። እሱ እቴ፣ እንዳፈጠጠ ያመሽ ነበር።

ኮልፌ፣ ከቤቴል ወረድ ባለችው የእኛ ሰፈር፣ መብራት ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሻማ አይደለም። ጎረቤት ነው። በር ላይ ብቅ ይልና "የእናንተም ጠፍቷል?" ብሎ ይጠይቃል። "ጠፍቷል" ከተባለ እፎይ ይላል። መብራቱ እኮ አልመጣም። ግን የጋራ ከሆነ ምን ይደረጋል? ጉዱ "የእኛስ አለ" የተባለ ቀን ነው። ያን ጊዜ ሰው እግዜር ለይቶ የመታው ይመስለዋል። ቆጣሪውን በጡጫ ይመታል፣ ሚስቱን ይቆጣል።

የእኔ ጠያቂ ሸምሱ ነበር። ሸምሱ አየር ጤና የልብስ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። መብራት እልም ሲል ቆርቆሮው በጣት ይንኳኳል።

"ወርቁ፣ የእናንተም ጠፍቷል?"

"ጠፍቷል።"

"በል ና።"

እሄዳለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ወሬ እንጀምራለን። ሸምሱ ስለ ኳስ ምንም አያውቅም፤ ስለዚህ ስለ ኳስ ያወራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ስለ ንግድ ምንም አላውቅም፤ ስለዚህ ንግድ እመክረዋለሁ። እንዲህ ሆነን ሃያ ምናምን ዓመት ተግባብተናል። መብራቱ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ "መጣ!" ብሎ ይጮሃል። ሸምሱ ደግሞ "አይ፣ መጣ እንዴ" ይላል፣ ቀስ ብሎ። እኔም ጫማዬን ለማድረግ አልቸኩልም። ሁለታችንም ባይመጣ ደስ ይለን ነበር፤ ግን ይሄ ደፍረው የሚናገሩት ነገር ነው?

እንግዲህ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ታዲያ ምን ሆናችሁ ካላችሁኝ፣ የሆንኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴ ገባሁ።

ነገሩ የጀመረው ከትራንስፎርመራችን ነው። መንገዱ ጫፍ፣ ሁለት ምሰሶ ላይ የተሰቀለች አሮጊት ትራንስፎርመር አለችን። አንድ ጊዜ ሌባ የመሬት ሽቦዋን ቆርጦ ሄደ። ሌላ ጊዜ ዘይቷን ቀዱባት። ቁራ ሽቦዋ ላይ እየተቀመጠ ያቃጥላታል። የመብራት ሰዎች መጥተው ጠገኑና "እናንተም እንደ ዓይናችሁ ጠብቋት" ብለውን ሄዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን የትራንስፎርመር ጥበቃ ኮሚቴ አቋቋምን። ጽሕፈትህ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰላችሁ? ማህተም አስቀረጽኩ። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ያለ ማህተም መተንፈስ ይከብደዋል።

እውነቱን ለመናገር ሠርተናል። ዙሪያዋን በቆርቆሮ አጠርናት። ለቁራውም ለሌባውም እንዲሆን ደግሞ አሮጌ ካፖርትና ኮፍያ ያለበስነው ማስፈራሪያ አቆምንላት። ቁራው በሁለተኛው ቀን ኮፍያው ላይ ተቀመጠ። ዓይናቸው የደከመው ጋሽ ተካ ግን ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ ማስፈራሪያውን "እንደምን አደርክ" ሲሉት ከረሙ። በመጨረሻ ኮሚቴው ፊት ቀርበው፣ የቀጠራችሁት ዘበኛ ትዕቢተኛ ነው፣ ለሽማግሌ ሰላምታ አይመልስም ብለው ከሰሱት። እኔም ክሱን በቃለ ጉባኤ መዘገብኩ። ማህተም አደረግኩበት።

አሁን ወደ አቮካዶዋ ልምጣ። እስካሁን በወሬ ያዞርኳችሁ ወደዚች ላለመምጣት ነው።

ሸምሱ ግቢ ውስጥ አንዲት ትልቅ አቮካዶ ነበረች። ፍሬዋን እናቱ ከአገር ቤት በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው፣ የቤቱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ በእጃቸው ነው የተከሏት። ጥላዋ ስር ሳይቀመጡ ሞቱ። ስታፈራ ባልዲ ሙሉ በቆርቆሮው ላይ ይሰጠናል። ልጆቼ በእሷ ነው ያደጉት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ችግሯ አንድ ነበር። ንፋስ ሲነሳ አንዷ ቅርንጫፍ ሽቦውን ትነካና ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ሰፈሩ ጭልም።

ለኮሚቴው ተነገረ። ሸምሱም ለአረፋ አገር ቤት ሊሄድ ሲል መጥቶ "ስመለስ ሽቦ የምትነካውን ቅርንጫፍ ራሴ አስቆርጣለሁ" አለ። ተስማማን። የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ። በየዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ለአረፋ ሲሄድ ዶሮዎቹን የማበላለት እኔ ነኝ።

በሄደ በሦስተኛው ቀን ዝናብና ንፋስ መጣ። ሽቦው ብልጭ፣ ቧ አለ። የጋሽ ተካ ቴሌቪዥን ተቃጠለ። ጋሽ ተካ ቴሌቪዥኑን በደንብ ባያዩትም በጣም ይወዱት ነበር። ኮሚቴው በማግስቱ በአስቸኳይ ተሰብስቦ ቅርንጫፏ ዛሬውኑ ትቆረጥ አለ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ለሸምሱ ልደውልለት ይገባ ነበር። ስልኩ አይሠራም ነበር ብዬ ልዋሻችሁ እችል ነበር፤ ግን አልደወልኩም። ስብሰባ ላይ "ቁልፉ እኔ ጋ ነው" ማለት ምን ያህል ደስ እንደሚል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቆራጩ መጋዙን ይዞ መጣ። ከዛፏ ስር ቆሞ ወደ ላይ አየና "የቱን ልቁረጥ?" አለኝ።

የቱን እንደሆነ አውቃለሁ። ጣቴን ቀስሬ ማሳየት ብቻ ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀት ይዤ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ፣ እንደ ትልቅ ሹም ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ "ለዘለቄታው እንዲሆን፣ ከሥሯ" አልኩት።

ከላይ እየከረከመ ወርዶ በመጨረሻ ግንዷን ጣላት። ያልበሰለው ፍሬ በግቢው ሁሉ ተበተነ። ዶሮዎቹ ደንግጠው እግሬ ስር ገቡ። ቀና ብል የሸምሱ ግቢ ላይ ያልለመድኩት ሰማይ ተከፍቷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔስ ምኑን እለቅመዋለሁ?

ሸምሱ ሲመለስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሄጄ "ወንድሜ፣ አጠፋሁ" ማለት ሲገባኝ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ለጋራ ጥቅም ሲባል ኮሚቴው ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት" የሚል። ማህተም አደረግኩበትና ከቁልፉ ጋር ሰጠሁት። ሸምሱ ደብዳቤውን አነበበ። ጉቶዋን አየ። ዶሮዎቹን አየ። ከዚያ "አመሰግናለሁ፣ አቶ ወርቁ፤ ዶሮዎቹን በደንብ ጠብቀውልኛል" አለኝ።

ቢሰድበኝ ምን ነበረበት። ሃያ ምናምን ዓመት "አንተ" ብሎኝ የኖረ ሰው በአንድ ጀንበር አከበረኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስንገናኝ "እንደምን አደሩ" ይለኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ክብር ለጠላቴም አይስጠው።

መብራታችን ግን ተስተካከለ። ክረምቱ በሙሉ ዝናቡ ወረደ፣ ነጎድጓዱ አጓራ፣ መብራቱ ንቅንቅ የለም። ሰፈሩ አመሰገነን። ጋሽ ተካ ሌላ ቴሌቪዥን አስገቡ። እኔ ብቻ ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ጥዬ ቀረሁ። መብራት ካልጠፋ ማን ምን ብሎ ያንኳኳል? ያቺን የጣት ኳኳታ ናፈቅኳት። ስለ ኳስ የማያውቀውን ሲያወራ፣ ተጫዋች ከአሠልጣኝ ሲያምታታ መስማት ናፈቀኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የወጋሁት እኔ ሌሊቱን ሙሉ የማልረሳው ለምንድን ነው ታዲያ?

አንድ እሑድ አስኮ ያለችው እህቴ ደውላ "መብራት ከጠፋ ሁለት ቀናችን" ብላ አማረረች። ሳላስበው "መጣሁ" አልኳት። ታክሲ ይዤ ሄድኩላችሁ። በራቸው ላይ ጎረቤት ሁሉ ተኮልኩሎ ይጫወታል። እኔም ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ፣ ደስም አለኝ። ትንሽ እንደቆየን መብራቱ መጣና ሁሉም እየተሯሯጠ ቤቱ ገባ። ብቻዬን ወንበር ላይ ቀረሁ። እህቴ "እግርህ ገዳም ነው፣ ገና ስትገባ መብራቱ መጣ" አለችኝ። በታክሲው ተመለስኩ። የሰው መጨለም ለእኔ ምን ይሠራልኛል?

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ፣ ሸምሱ ከሶላት ሲመለስ የበሩን ድምፅ ሰማሁ። ባለቤቴ አልማዝ ሳሎን ተከታታይ ፊልሟን እያየች ነው። ቀስ ብዬ ወጣሁ። ቆጣሪው ሳጥን ጋ ሄድኩና ማጥፊያውን ወደ ታች ሳብኩት። ቤቴ ጭልም አለ። አልማዝ ከውስጥ "ውይ" ስትል ሰማሁ። ሃምሳ ምናምን ዓመቴ ነው፤ እንደ ጎረምሳ ግን በእግሬ ጣት ወደ አጥሩ ሄድኩ።

ቆርቆሮውን በጣቴ አንኳኳሁ።

"ሸምሱ፣ የእናንተም ጠፍቷል?"

በቆርቆሮው ቀዳዳ የበረንዳው አምፖል ቦግ ብሎ ይታየኛል። ከቤቱ የቴሌቪዥን ዜና ይሰማል። ምን ዓይነት ጅል ነኝ ብዬ ልመለስ ስል ቴሌቪዥኑ ዝም አለ። ሸምሱ ወደ በረንዳው ወጣ። ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ዞረ።

"ጠፍቷል" አለ። "በል ና።"

ሄድኩ። ከአምፖሉ ስር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ጉቶዋ ከፊታችን ናት። ምንም ሳልጽፍ፣ ምንም ሳላትም፣ "ሸምሱ፣ ከሥሯ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኮሚቴው ቅርንጫፏን ነበር ያለው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ቆራጩ የዚያኑ ሳምንት ሱቅ መጥቶ ነግሮኛል።"

"ታዲያ አምስት ወር ሙሉ ምነው ዝም አልከኝ?"

"አንተ እስክትነግረኝ ነዋ" አለኝ። ጉቶዋን እያየ "ዛፍስ ዛፍ ነው፣ አንጀቴን ቢበላኝም። እኔ ቁልፌን የሰጠሁት ለጎረቤቴ ነበር፤ የመለሰልኝ ግን ኮሚቴ ነው" አለ።

ይቅርታ አልኩት። እንዲያው በባዶ አፌ። ሸምሱ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። አንድ ነገር ትክክል አልተናገረም። እንደዚያ ያለ ጨዋታ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አልማዝ ነጠላዋን ደርባ እየተቆጣች መጣች። ሰፈሩ በሙሉ በርቶ የእኛ ብቻ መጥፋቱ ምን ጉድ ነው እያለች ነበር። ሸምሱ ፈጠን ብሎ ተነሳና "የእኛም ጠፍቷል፣ አልማዝ" አላት።

አልማዝ ቀና ብላ አምፖሉን አየች። ጉቶዋን አየች። ቀጥላ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን። ከዚያ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች።

"እንግዲያው እስኪመጣ እኔም ከእናንተው ጋር ልጠብቃ" አለች።