ክቡር ግፊትና አቀበቱ

መኪናው ሳይበላሽ የሚጠግን ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። "እኛ ቤት የለም" የሚል ካለ ሰውዬው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንግዳ ሲመጣ እጁ ግራሶ ነውና ክርኑን ይዘረጋል። "ደህና ነህ ወይ?" ሲሉት የሚናገረው ስለ ሞተሩ ጤና ነው።

ለአንዲት አዋላጅ ነርስ እንዲህ ያለ ሰው ሆኖ የደረሳት ታናሽ ወንድሟ ነው። እንጀራው የመነጽር መስታወት መሞረድ ነው፤ ነፍሱ ያለችው ግን አንዲት ያረጀች ቀይ መኪና ውስጥ ነው። ከተጋጨ መኪና የተነቀለ ቱርቦ ገጥሞላት፣ ካንድ ሰፈር ማዶ የምትሰማ አድርጓታል። "ክቡር ግፊት" የሚለውን ማዕረግ የሰጠችው እህቱ ናት፤ የሰጠችበትም ምክንያት ነበራት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወደ ሥራ ቦታዋ ደወለ። "እትዬ፣ ግፊት ወረደብኝ" አለና ስልኩ ተቋረጠ። እሷ የምታውቀው ግፊት አንድ ብቻ ነው፤ የደም። ተራዋን ለጓደኛዋ አስረክባ፣ መለኪያዋን ቦርሳ ውስጥ ከታ፣ በታክሲ ከነፈች። ስትደርስ ሁለት እግሮች ከመኪናው ሥር ወጥተው ተዘርግተዋል። አንዱን እግር ይዛ ስትጎትት፣

"ቀስ በይ፣ ቱቦ ይዣለሁ" የሚል ድምፅ መጣ።

"ግፊት ወረደብኝ አላልክም እንዴ?"

"የቤንዚኑ ነዋ። ሦስት መሆን ሲገባው መለኪያው ሁለት ተኩል አነበበብኝ።"

መምጣቷ ካልቀረ ብላ ለካችው። መቶ ሃያ በሰማንያ ነበር። የእሷን ስትለካ መቶ ስድሳ ደርሷል።

ከዚያ ወዲያ ከማብራሪያው ማምለጥ አልቻለችም። "እትዬ፣ ነገሩ ቀላል ነው" ካለ፣ ወንበር ስቦ መቀመጥ ነው የሚሻለው።

"ቱርቦው አየሩን ሞተሩ ውስጥ ይጠቀጥቃል። ከውስጥ በር ይዞ የሚገፋ ካለ፣ ውጭ ያለው በርትቶ ካልገፋ ይገባል? አይገባም። ቤንዚኑም ያው ነው። አየሩ በጨመረ ቁጥር የቤንዚኑ ግፊት አብሮ መጨመር አለበት። ችግሩ ግን፣ ቤንዚን የሚገፋውን ፓምፕ ብዙ ግፊት በጠየቅሽው መጠን የሚያመጣልሽ ቤንዚን ይቀንሳል። ሸክም ይዞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው።"

"ቢቀንስስ?"

"የሞተሩ ፒስተን እንደ ሻማ ይቀልጣል።" ይህን ሲናገር፣ ስለ ሟች እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ ቀና ብሎ መፈክሩን ያሰማል፦ "ግፊት ያለ ፍሰት ጉራ ነው፤ ፍሰት ያለ ግፊት ጎርፍ ነው።"

ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ጎርፉን በገዛ እጁ አመጣው። መለዋወጫ የሚሸጥለት ነጋዴ፣ በየዓመቱ በአቀበት የመኪና ውድድር የሚያሸንፈው ጥጋበኛ፣ "ትልቁን ፓምፕ ግጠምና ተገላገል" አለው። ገጠመ። ፓምፑ ያመጣው ትርፍ ቤንዚን ወደ ታንከሩ የሚመለስበት ቱቦ ግን ቀጭን ነበርና፣ መኪናዋ ገና ቆማ ሳለ ግፊቱ አሻቅቦ ሞተሩን ቤንዚን አጥለቀለቀው። ጥቁር ጭስ ተግተልትሎ ወጥቶ የጎረቤትን የተሰጡ አንሶላዎች ጥላሸት አለበሳቸው። ስድስቱንም በእጁ አጠበ። እያሰጣ ሳለ "እሜቴ፣ ነገሩ ቀላል ነው" ብሎ ሲጀምር፣ ሴትዮዋ አንሶላዋን እርጥቡን ሰብስባ ገባች።

ቱቦውን በሰፊ ቀየረ፤ ጭሱ ጠፋ። ቀጥሎ እህቱ ቤት መጣ።

"እሁድ አቀበቱን እወጣለሁ። ዓይኔ ከመንገዱ ስለማይነሳ የቤንዚኑን ግፊት መለኪያ፣ ጌጁን፣ የሚያነብልኝ ያስፈልጋል። መርፌ ማየት ደግሞ ያንቺ ሥራ ነው።"

"ሌላ ሰው አጣህ?"

"ሌሎቹማ ማስረዳት ስጀምርላቸው ይሄዳሉ።"

ምን ታድርግ፣ ሄደች። ነጋዴው ቀድሞ ወጥቶ ጥሩ ሰዓት አስመዝግቧል። የእነሱ ተራ ሲደርስ ቀይዋ መኪና ተስፈንጥራ፣ አዋላጇ ወንበሩ ላይ ተለጠፈች። መጀመሪያ ዓይኗን ልትጨፍን ነበር። ቀጥሎ ጌጁን ማንበብ ጀመረች። ከዚያ፣ ማን ያምናል፣ እንደ ሕፃን ትስቅ ጀመር።

"አራት!" ትላለች እየሳቀች። "አራት ከሩብ!"

"ቱርቦው ሲሞላ አራት ተኩል መድረስ አለበት። አንብቢ!"

በመሀለኛው መታጠፊያ የቆመው ሰዓት ያዥ ሦስት ጣቱን አሳያቸው። ነጋዴውን በሦስት ሰከንድ እየመሩት ነው። ሦስት መታጠፊያ፣ ሁለት፣ አንድ ቀረ። መጨረሻው መስመርና ጭብጨባው ታየ። ያኔ መርፌው ተንቀጠቀጠ። ሳቋ ቆመ፤ ወላዶች ላይ ብዙ ጊዜ ያየችው ዓይነት አወራረድ ነው።

"አራት" አለች በሥራዋ ድምፅ። "ሦስት ተኩል። እየወረደ ነው።"

መስመሩ መቶ ሜትር ያህል ነበር የቀረው። እሷ ምን ያደርግ ይሆን ብላ ሳታስብ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ አንስቶ ነበር። መኪናዋ ቀስ ብላ፣ እንደ ሽማግሌ እያዘገመች መስመሩን አለፈች። አራተኛ ወጡ።

ነጋዴው እየሳቀ መጣ። "እግር አንስቶ ያሸነፈ ሰው አይቼ አላውቅም" አለ።

ክቡር ግፊት ኋላ ወንበር ሥር ገብቶ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ ነካና እጁን ቶሎ ሳበ። ሽቦው እሳት ነው፤ ልባሱ መላላጥ ጀምሯል። ፓምፑ ሲበረታበት ቀጭኑ ሽቦ በቂ ኤሌክትሪክ አላደረሰለትም።

"አገኘሁት!" ብሎ እህቱን አቅፎ አሽከረከራት። "ሞተሩ ተርፏል፣ ተርፏል እትዬ!" ዋንጫ የወሰደ መስሏቸው ያጨበጨቡም ነበሩ። ነጋዴው ግን ሳቁን አቁሞ፣ የራሱን መኪና ወንበር አንስቶ ጎንበስ አለ። ትንሽ ቆይቶ ጣቱን እየላሰ መጣና፣ "የኔን ታይልኛለህ?" አለ ቀስ ብሎ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ደስታው በረድ አለ። ለአራት ወር የለፋበት ዋንጫ በሌላ ሰው መኪና ሄዷል። ዝም ብሎ በዝግታ ይነዳል። አዋላጇ ወንድሟ ለአሥር ደቂቃ ዝም ሲል አይታ አታውቅም፤ ዝምታው ጆሮዋን አሳከካት። ከዚህ በፊት ስለ መኪናው በራሷ ጀምራ ጠይቃው አታውቅም፤ አሁን ግን ጠየቀችው።

"ሽቦው ቀጭን ከሆነ፣ እስከ ዛሬ እንዴት ሳይታወቅ ቆየ?"

ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። ፍሬቻ አሳይቶ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ፤ እንዲህ ያለው ነገር እየነዱ የሚመለስ አይደለም። በሜዳ መንገድ ፓምፑ እንደማይጨነቅ፣ ቱርቦው ለረጅም ጊዜ ሲሞላ ግን ምን እንደሚሆን፣ በመስታወቱ ጉም ላይ በጣቱ እየሣለ አስረዳት። ዓይኑ መልሶ በራ።

ገና በሁለተኛው ደቂቃ ገብቷት ነበር።

"አልገባኝም" አለችው። "እስቲ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።"