አባ እንለየው እና ሰባተኛው ምዕራፍ

በየካቶሊክ ቁምስናው እንዲህ ያሉ አንድ ካህን አይጠፉም። ስንት ሰዓት ነው ሲሏቸው ስለ ጊዜ አፈጣጠር ይጀምራሉ፤ መልሱ ላይ እስኪደርሱ አውቶቡሱ ያመልጥዎታል። የእኛው ሊቀ ሊቃውንት፣ የነገረ መለኮት ዶክተር፣ የካህናት ማሠልጠኛው የዘርዐ ክህነት መምህር፣ በምእመናን አፍ «አባ እንለየው» ይባላሉ። ስሙን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ምንም ቢጠየቁ «መጀመሪያ ነገሩን እንለየው» ሳይሉ ወሬ አይጀምሩም።

ሥጋ ሻጩ ጎረቤታችን አንድ ውሸት ሊናዘዝ ሄዶ፣ ውሸት ነው፣ መደበቅ ነው ወይስ መሳሳት እያሉ ሲለዩለት ተንበርክኮ ጉልበቱ ደነዘዘ። «በአንድ ኃጢአት ገብቼ በሦስት ወጣሁ» እያለ እስካሁን ያወራል። አንድ ሙሽራ ደግሞ በፈቃድና በምኞት መካከል ያለውን ልዩነት ካስረዱት በኋላ ለማሰብ ሁለት ሳምንት ጠየቀ። አማቱ ዛሬም አባን ሰላም አይሏቸውም።

የሕይወት ታሪካቸው አጭር ነው፤ እሳቸው ካልነገሩት። በአሥራ አራት ዓመታቸው ዘርዐ ክህነት ገቡ፣ ክህነት ተቀበሉ፣ ውጭ አገር ስምንት ዓመት ተምረው በሦስት ሣጥን መጻሕፍት ተመለሱ። ሠላሳ ዓመት አስተማሩ። ጵጵስናም ደርሷቸው ነበር። ሹመቱን ይቀበሉ እንደሆነ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲመጣላቸው «እሺ» ወይም «ይቅርብኝ» ቢሉ ይበቃ ነበር። እሳቸው አሥራ ዘጠኝ ገጽ ጽፈው ላኩ። ተነብቦ እስኪያልቅ ሌላ ሰው ተሾመ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ጸሐፊያቸው ስለሆንኩ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የፈጀውን፣ ገናም ያላለቀውን መጽሐፋቸውን በኮምፒውተር የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ጠዋት የጨመሩትን ከሰዓት ያወጡታል። እኔን የሚከነክነኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ እኚህ ሰው የሌላውን ሁሉ ሐሳብ ደርድረው ሲያበቁ፣ ራሳቸው ምን ያምናሉ? እየጻፍኩ በየገጹ እፈልጋለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁትም።

ከሁሉ የባሰው ሰባተኛው ምዕራፍ ነው። ሳይጠመቁ ስለሚሞቱ ሕፃናት መቶ አርባ ገጽ። ከእኔ በፊት የተወለደችው እህቴ በተወለደች በሰዓቷ፣ ካህን ሳይደርስላት ነው የሞተችው። ስለዚህ ያንን ምዕራፍ የጻፍኩት እንደ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ እህት ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ይሻል» ይላል። በጣም ተናደድኩ። ለእናቴ ግን ምንም አልነገርኳትም።

ባለፈው ዓመት እናቴ ታመመች። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ ካህን ጥሩልኝ አለች። የቁምስናው ቆሞስ ይምጡ ብንላት እምቢ አለች፤ የተማሩትን ነው የምፈልገው፣ የምጠይቃቸው አለኝ ብላ ድርቅ አለች። ምን እንደምትጠይቅ ወዲያው ገባኝ። አባን ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ስመጣ፣ እባክዎ ዛሬ አያስረዝሙት ልላቸው አስቤ መንገዱን ሙሉ አፌ ላይ እያመላለስኩት ደረስን። አፈርኩና ተውኩት።

አልጋዋ አጠገብ ያለችው የብረት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጸሎት አድርሰው ቅብዐ ቅዱስ ቀቧት። ሊነሱ ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

«አባ፣ ያቺን ልጄን አገኛት ይሆን? አልተጠመቀችም እኮ።»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ እኔ መቶ አርባውን ገጽ መጠበቅ ጀመርኩ።

«ያገኟታል፣ እትዬ» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ ያላት እንቅልፍ እጃቸውን እንደያዘች ወሰዳት።

ኮሪደሩ ላይ ተከተልኳቸው። ማመስገን ሲገባኝ የጸሐፊነት አመል ይዞኝ፣ ምዕራፍ ሰባት ላይ እንዲህ አላሉም እኮ አልኳቸው። ካፖርታቸውን እየቆለፉ ነበር። ቁልፉ አልገባ አላቸው።

«አላልኩም» አሉ። «ተሳስቼ ከሆነ እዚያ ስደርስ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እናትሽ ግን ይተኙ።»

ቁልፉን አስገብቼላቸው እስከ በሩ ሸኘኋቸው። እንዳያችሁት አሁንም አማቸዋለሁ። ሌላ ሰው ሲያማቸው ግን እጣላለሁ።