የኦቦ ቱፋን ሰደፍ ያሳመርኩ ዕለት

ጓደኞቼ፣ ዛሬ ወለንጪቲ ላይ የገባሁበትን ጉድ ለእናንተ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ተቀመጡና ሳቁብኝ።

እንደምታውቁት አዳማ ውስጥ ፈርኒቸር ቤት አለኝ። የተቧጨረ ቁም ሳጥን አምጡልኝ፣ ሙሽራ አድርጌ እመልስላችኋለሁ። የማያምን «በፊትና በኋላ» የሚሉ ቪዲዮዎቼን ይይ!

እጮኛዬን ሀዊንም ታውቋታላችሁ። በሚቀጥለው እሁድ ቤታቸው ሽማግሌ ልልክ ነው።

ነበር።

አባቷ ኦቦ ቱፋ ከአባታቸው የወረሱት የአደን ጠመንጃ አላቸው። ፈቃድ ያለው፣ ድሮ ማሽላ የሚጨርሰውን ከርከሮ ሲያሳድድ የኖረ። ስለ ጥንት መሣሪያ የሚያውቁ አንድ ዘመዳቸው ዛሬ መጥተው ዋጋውን ሊገምቱላቸው ቀጠሮ ይዘው ነበር። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ብረቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው፣ የእንጨቱን ሰደፍ ብቻ ፈትተው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ አቧራውን ጠረግ አድርግልኝ» አሉኝ።

ጠረግ? እኔን? ባለሙያውን? ለአማቴ?

ሰደፉ ጠቁሯል። እጅ የሚይዘውና ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ወዝ ጠጥቶ ይበልጥ ጠቁሯል። እኔ «ቆሻሻ ነው» አልኩ። በማሽን ሞረድኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ሦስት ዙር ቫርኒሽ ረጨሁበት። መስታወት! ፀጉሬን እያየሁ አበጠርኩበት። ቪዲዮውንም ለቀቅኩት፤ ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ የወንጀሉ ተባባሪ ናችሁ።

ዛሬ ጠዋት በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ገለጥኩት።

ዋጋ ገማቹ እንግዳ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። «የቀድሞ መልኩ የት ሄደ?»

«አነሳሁት ጋሼ!» አልኩ በኩራት። በኩራት እኮ ነው የምላችሁ!

«የዚህ መሣሪያ ዋጋው እኮ ኦርጅናል መልኩ ነበር» አሉ። «አሁን የአልጋ እግር ነው የሚመስለው።»

ዋጋው እንኳን ይቅር። ኦቦ ቱፋ ሰደፉን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ያንን ጥቁር ቦታ ሲፈልጉት አየሁ። ደጋግመው ዳበሱት።

«የአባቴ እጅ እዚህ ጋ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ሀዊ ቀና ብላ አላየችኝም። እውነቴን ነው፣ እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም።

እዚህ ጋ ብልህ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን አምና ለአንድ ሎጅ አዲስ ወንበር የመቶ ዓመት ያስመሰልኩ ጀግና ነኝ!

«አባባ፣ አይጨነቁ! በአንድ ሰዓት ውስጥ አሮጌ አስመስልልዎታለሁ!»

«ያ ዋቃዮ!» ብለው ኦቦ ቱፋ ሰማይ ሰማይ አዩ።

ፍርዱ ወዲያው መጣ። ቫርኒሹን በእጄ እንድፍቅ። ከዚያ በየቅዳሜው ወለንጪቲ እየመጣሁ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሰደፉን በተልባ ዘይት በመዳፌ እንዳሸው። ያለ ማሽን። ያለ ቪዲዮ።

«የእሁዱ ሽማግሌዎችስ፣ አባባ?»

«ሰደፉ ሲጠቁር ይመጣሉ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አባቴን አርባ ዓመት ፈጅቶበታል።»

ያኔ ሀዊ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ለመሆኑ መዳፋችሁ በጣም የሚያልባችሁ ወንድሞች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አላችሁ?