ተራ የሚጠብቅ ዘንዶ

ለመሆኑ ተራውን የሚጠብቅ ጠላት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ በመሥሪያ ቤታችን ሾፌር በታደለ ኮምፒውተር ላይ። በየተራ እየተመታቱ በሚጫወቱት አንድ ጌም ውስጥ ታደለ «ሰይፍ ይሻላል ወይስ አስማት?» እያለ ሲያመነታ፣ ዘንዶው እሳቱን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቆሞ ይጠብቀዋል። አሳዳጊ አልበደለውም! የጌሙ ጥሩ ጎን ይህ ነው፤ ሰው ረጋ ብሎ ማሰብ ይለምዳል። ክፉ ጎኑን ያየሁት ግን ለሥራ በሄድንባት ሐርጌሳ፣ ከተማዋን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ መሐል ነው።

ድልድዩ ገና እየተጠገነ ስለነበር የምንሻገረው በአሸዋው ላይ ነበር። ድንገት ከላይ በኩል ጎርፍ ሲያጓራ ሰማን። ታደለ መኪናውን አቆመና አገጩን ይዞ ያስብ ጀመር።

«ምን ሆነሃል? ንዳው እንጂ!» አልኩት።

«ቆይ እስቲ፣ ወደፊት ይሻላል ወደኋላ?»

ከኋላ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባችን፣ የጅጅጋዋ አሚና፣ «ያ አላህ! ጎርፉ አንተን ይጠብቃል እንዴ?» ብላ ጀርባውን በጡጫ ስትለው ደንግጦ ነዳጅ ሰጠ። ዳር ስንወጣ ውሃው የኋላ ጎማችንን ልሶ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ታደለ ጌሙን እርግፍ አድርጎ ተወ። እኔ ግን ጀመርኩ። ምን ላድርግ? ደመና በጠቆረ ቁጥር ልቤ ድው ድው ይላል፤ አስቤ እስክጨርስ የሚታገሠኝ ደግሞ ከዘንዶው በቀር ማንም የለም።